ዓለምን የከበበው እባብ፦ የአንድ ፋንታሲ ልብ ወለድ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ

ሥራው ተጀምሯል። በአማርኛ አንድ አጠር ያለ የፋንታሲ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዮርሙንጋንድር ነው። በሰሜን አውሮፓ ጥንታዊ አፈ ታሪክ ውስጥ የሰውን ዓለም ዙሪያውን ከቦ፣ የገዛ ጭራውን ነክሶ ባሕር ውስጥ የተኛው እባብ ማለት ነው። የምኖረው ስቶክሆልም ነው። የዚህ እባብ ታሪክ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች እዚሁ ስዊድን ውስጥ አሉ። ሄጄ ላያቸው አስቤያለሁ።

በዘመናችን ፋንታሲ ይህ እባብ ብዙ መልክ አለው። አንዳንዱ ደራሲ መጨረሻ ላይ የሚገደል ጭራቅ ያደርገዋል። አንዳንዱ የሰው መልክ ሰጥቶ ከተማ ውስጥ ያኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ታዋቂ የቪዲዮ ጌም ደግሞ በጥንታዊ ቋንቋ የሚናገር የጀግኖቹ ወዳጅ አድርጎታል። እሱን በጣም ወድጄዋለሁ። እኔ የምፈልገው ግን ከውስጥ የታየ እባብ ነው። እዚያ ባሕር ግርጌ ተኝቶ ምን ይሰማዋል?

ለራሴ አንድ ሕግ አውጥቻለሁ። በጥንቶቹ ጽሑፎች ውስጥ የሆነውን ነገር አልለውጥም። ለምን እንደሆነ ግን የኔ ድርሻ ነው።

ጥቅምት መጀመሪያ

እስካሁን ንባብ ላይ ነኝ። ዋናው ምንጬ አይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሶን በ1220 አካባቢ ያዘጋጀው ኤዳ የተባለ የአፈ ታሪክ መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ከዚያ በፊት በቃል ሲወርዱ የነበሩት ግጥሞች ናቸው። እነዚህን ግጥሞች የያዘው ዋናው የብራና መጽሐፍ በ1270ዎቹ የተጻፈ ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በኮፐንሃገን ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ አይስላንድ ተመልሷል።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። እባቡ የሎኪና የአንግርቦዳ ልጅ ነው። አባቱ ተንኮለኛው ሎኪ ነው፤ እናቱ ከግዙፋኑ ወገን ናት። ወንድሙ ፌንሪር የተባለው ተኩላ፣ እህቱ ሄል ናት። አማልክቱ እነዚህ ልጆች ወደፊት ጥፋት ያመጣሉ የሚል ትንቢት ሰሙ። የአማልክቱ አለቃ ኦዲን ልጆቹን አስመጣቸው። ሄልን ወደ ሙታን አገር ሰደዳት። ተኩላውን አማልክቱ አሳደጉት፤ በኋላ በማይበጠስ እስር አሰሩት። እባቡን ባሕር ውስጥ ወረወረው። እባቡም እዚያው አደገ፤ ምድርን ዞሮ የራሱን ጭራ እስኪነክስ ድረስ።

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ሲወረወር ምንም አላጠፋም ነበር። ጥፋቱ ገና ትንቢት ብቻ ነው። ቤተሰቡ በአንድ ቀን ተበተነ፤ እሱ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ብቻውን ቀረ። የልብ ወለዴ መነሻ እዚህ ጋ ነው።

ከነጎድጓዱ አምላክ ከቶር ጋር ሦስት ጊዜ ይገናኛሉ። መጀመሪያ ኡትጋርዳ ሎኪ በተባለ ግዙፍ (ከእባቡ አባት ከሎኪ የተለየ ነው) አዳራሽ፦ ቶር አንዲት ግራጫ ድመት እንዲያነሣ ይጠየቃል፤ ታግሎ ታግሎ አንድ እግሯን ብቻ ከመሬት ያላቅቃል። ድመቷ በአስማት የተሸፈነው እባቡ ነበር። ሁለተኛው ዓሣ የማጥመዱ ታሪክ ነው። ሦስተኛው በዓለም ፍጻሜ፣ በራግናሮክ ነው። ቶር እባቡን ይገድለዋል፤ ከዚያ ዘጠኝ እርምጃ ተራምዶ በመርዙ ይወድቃል።

ከሦስቱ ልቤን የያዘው መካከለኛው ነው። ቶር በጎልማሳ ልጅ መልክ ወደ ግዙፉ ሂሚር ቤት ይመጣል። ማጥመድ እፈልጋለሁ ይላል። ሂሚር «መንጠቆህ ላይ የምታደርገውን ሥጋ ራስህ ፈልግ» ይለዋል። ቶር ከመንጋው ትልቁን በሬ ይዞ የበሬውን ራስ ይቆርጣል። ሂሚር ከለመደው ቦታ አልፈው ርቀው ይቀዝፋሉ። እባቡ የበሬውን ራስ ይውጣል። መንጠቆው ላንቃው ውስጥ ይገባል። ቶር ሲስብ እግሮቹ የጀልባዋን ወለል በስተው የባሕሩን መሬት ይረግጣሉ። ከዚያ ሁለቱ ይተያያሉ። ቶር ከላይ፣ እባቡ ከታች መርዝ እየተፋ። ስኖሪ ያንን መተያየት ያላየ ሰው አስፈሪ ነገር አይቻለሁ ማለት አይችልም ይላል። በመጨረሻ ሂሚር ፊቱ ገርጥቶ ቢላዋውን ያነሣና ገመዱን ይቆርጠዋል።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? የጥንቶቹ ራሳቸው አልተስማሙም። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የአዳራሽ ቅርጻ ቅርጽ አይቶ የገጠመ አንድ የአይስላንድ ገጣሚ ቶር የእባቡን ራስ እንደቆረጠው ይናገራል። ስኖሪ ይህን ወሬ ጠቅሶ እባቡ ግን አሁንም በሕይወት ያለ ይመስለኛል የሚል ድምፅ ያስገባል። ይሄ ለኔ ትልቅ ነፃነት ነው። ታሪኩ ያኔም ክፍት ነበር።

እባቡ የኛ አንባቢ የሚያውቀው አንድ ዘመድም አለው። መጽሐፈ ኢዮብ ውስጥ እግዚአብሔር ኢዮብን ሌዋታንን በመንጠቆ ታወጣዋለህ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። የመካከለኛው ዘመን የአይስላንድ ክርስቲያን ጸሐፊዎች ሌዋታንን በራሳቸው ቋንቋ ሲጽፉ የተጠቀሙት የዚህን እባብ ስም ነው። ሁለቱን ታሪኮች አንድ ላይ ያነብቡ ነበር ማለት ነው። ልብ ወለዱ ውስጥ አላስገባውም። ግን ስጽፍ ከጎኔ አለ።

ጥቅምት አጋማሽ

በረዶ ሳይጥል አልቱና ሄድኩ። አልቱና በኡፕላንድ፣ በኤንሾፒንግ አካባቢ ያለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ናት። ድንጋዩ ቤተ ክርስቲያኗ አጠገብ ቆሟል። የ11ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው።

ቶር ብቻውን ነው። ሂሚር የለም። በአንድ እጁ መዶሻ፣ በሌላው ገመድ ይዟል። አንድ እግሩ የጀልባዋን ወለል በስቶ ወጥቷል። ስኖሪ ከመጻፉ ከመቶ ዓመት በላይ በፊት፣ ከአይስላንድ ርቆ፣ አንድ ቀራጭ ያቺን እግር ያውቅ ነበር! ድንጋዩ ፊት ለፊት ቆሜ እግሯን ደጋግሜ በእርሳስ ሳልኳት። የልብ ወለዱ ሽፋን ላይ የምትወጣው እሷ ናት ብዬ ወሰንኩ።

ጽሑፉ ደግሞ የሐዘን ጽሑፍ ነው። ድንጋዩ ለአባትና ለልጅ መታሰቢያ የቆመ ነው፤ ሁለቱም በእሳት ተቃጥለው ሞተዋል። የቀሩት ቤተሰቦች ለእነሱ መታሰቢያ ይህን ትዕይንት መረጡ። ለምን እንደሆነ አይናገሩም። እኔ ግን ይገባኛል ብዬ አምናለሁ። ቶር በዚያች ቅጽበት አላሸነፈም፣ አልተሸነፈም። ገመዱ እንደተወጠረ ነው። ከሞት ጋር ፊት ለፊት የተገናኘ ሰው የሚፈልገው ሥዕል ይህ ሊሆን ይችላል።

ስቶክሆልም ስመለስ የታሪክ ሙዚየሙን አየሁ። ከጎትላንድ ደሴት የመጣው የአርድሬ ድንጋይ እዚያ አለ። እሱ ከአልቱናው ይቀድማል። ባለ ስምንት እግሩ የኦዲን ፈረስ ይታያል። ከታች ጀልባ ላይ ሁለት ሰዎች ሲያጠምዱ አሉ፤ ብዙ ተመራማሪዎች ቶርና ሂሚር ናቸው ይላሉ። ሂሚር ስላለ ደስ አለኝ። በኔ ታሪክ ያለ እሱ ምንም አይሆንም።

ጥቅምት መገባደጃ

ወደ መጠኑ መጣሁ። እባቡ ምን ያህል ነው?

የምድር ወገብ ዙሪያ 40,075 ኪሎ ሜትር ነው። 40,000 ብዬ ያዝኩት። የጥንቶቹ ምድር ክብ ጠፍጣፋ ናት፣ ዙሪያዋን ጥልቅ ባሕር አለ። የኔ ታሪክ ግን ዛሬ ስለሚካሄድ የዛሬን ቁጥር ወሰድኩ። የአንድ ትልቅ ዘንዶ ርዝመት ለውፍረቱ 40 እጥፍ ቢሆን፣ በዚሁ ልክ የኔ እባብ 1,000 ኪሎ ሜትር ይወፍራል። የዓለም ውቅያኖስ አማካይ ጥልቀት ደግሞ ወደ 3,700 ሜትር ነው። እንዲህ ያለ እባብ ባሕር ውስጥ አይደበቅም። ባሕሩ እሱ ላይ እንደ ጤዛ ነው የሚሆነው።

ስለዚህ ውፍረቱን 2 ኪሎ ሜትር አደረግኩት። በኖርዌይ ካሉት ከሎፎተን ደሴቶች በስተ ምዕራብ ባሕሩ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚጠልቅ እዚያ መተኛት ይችላል። ከዚያ መልኩን በዓይኔ ማየት ፈለግኩ። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሲባጎ ገዛሁ። በዚህ ልኬት 20 ሜትር ይረዝማል። የምንኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ረጅም ኮሪደር አለ። ሲባጎውን እዚያ ዘረጋሁት።

እባብ አይመስልም። መስመር ነው። አንዱ ጫፍ ጋ ቆሜ ሌላውን ጫፍ ማየት አልቻልኩም። ብርሃኑ ደካማ ነው፣ ክሩም ቀጭን ነው። ጫፉን ያዝ አድርጌ ሳብ አደረግኩት። ወዲያ ማዶ ምንም አልተንቀሳቀሰም።

እዚያው ኮሪደር ውስጥ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ ማስላት ጀመርኩ። በሰው አካል ውስጥ ፈጣን የሚባሉት ነርቮች መልእክት የሚያደርሱት በሰከንድ ወደ 100 ሜትር ገደማ ነው። ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ያለ እባብ ከዚህም ይዘገያል፤ ግን ለጋስ ልሁንና 100 ብዬ ልያዝለት። 40,000 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 400,000 ሰከንድ ያስፈልጋል። 111 ሰዓት ነው። አራት ቀን ከ15 ሰዓት!

ማለትም ጭራውን ሲነክስ ሕመሙ ጭንቅላቱ ጋ የሚደርሰው በአምስተኛው ቀን ነው።

ያን ቀን ሌላ ነገር መሥራት አልቻልኩም። ነገሩ ሁሉ የተገለበጠልኝ ያኔ ነው። እባቡ አፉ ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ሲነክሰው ይወራጫል፤ ጭራው የራሱ ምላሽ አለውና። ራሱ ግን ያኔ ምንም አያመውም። ሕመሙ የሚመጣው ከቀናት በኋላ፣ ምክንያቱ ከተረሳ ወዲያ ነው። ታዲያ አፉ ውስጥ ያለው እሱ ራሱ እንደሆነ በምን ያውቃል? አያውቅም። ሌላ ሰው ነው ብሎ ያምናል። በልጅነቱ ከቤተሰቡ ተነጥሎ የተጣለ ፍጥረት በባሕር ግርጌ አንድ ሕያው ነገር አገኘ። ያዘው። እንዳይጠፋበት አጥብቆ ያዘው።

ዓለምን የከበባት ለማጥፋት አይደለም። ጓደኛ ያገኘ መስሎት ነው። መጽሐፉ ይህ ነው።

ኅዳር

የእባቡን ድምፅ እየፈለግኩ ነው። የእሱ ምዕራፎች በራሱ አንደበት ይተረካሉ። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው። ከተጻፈው ትንሽ ላስቀምጥ፦

«አፌ ውስጥ ያለው ዛሬም ተንቀሳቀሰ። ቀስ ብዬ ያዝኩት። አይናገርም። እኔም አልናገርም። ግን አለ። ሁለት ነን።»

የመዘግየቱን ነገር በመጽሐፉ አሠራር ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ጭራው ላይ የሆነ ነገር በዚያው ምዕራፍ ውስጥ አይሰማውም። በምዕራፍ ሁለት አንድ የብረት መልሕቅ ይወድቅበታል። ሕመሙ የሚመጣው በምዕራፍ ስድስት፣ እባቡ በተረጋጋበት ገጽ መካከል ነው። «አንድ ቦታ ላይ የሆነ ነገር ወጋኝ። ማንም የለም። ምንም አላደረግኩም።» አንባቢው ምክንያቱን ያውቃል፣ እባቡ አያውቅም። ያ ልዩነት ነው አንባቢውን እንዲያዝንለት የሚያደርገው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የእባብ አካል ላይም እያነበብኩ ነው። እባብ የሚከደን የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን አይከድንም። ከቶር ጋር የተያየበት ትዕይንት ላይ ይህ በጣም ይጠቅመኛል። ቶር ዓይኑን ያርገበግባል። እባቡ አይችልም። ሁሉንም ያያል፣ ማየት ባይፈልግም።

ኅዳር መጨረሻ

ቦታው ተወስኗል። ሰዎቹ የሚኖሩት በኖርዌይ ሎፎተን ነው። በየዓመቱ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ኮድ የተባለው ዓሣ ከባረንትስ ባሕር እንቁላል ለመጣል ወደዚያ ይወርዳል። ዓሣው ያለ ጨው፣ በእንጨት መስቀያ ላይ በብርድና በነፋስ ይደርቃል። የዓሣው ጭንቅላትም ለብቻው ይደርቅና ብዙው ወደ ናይጄሪያ ይሄዳል። ከሁሉ የማረከኝ ግን የልጆቹ ሥራ ነው። በዚያ አገር የኮድ ምላስ እየቆረጡ የኪስ ገንዘብ የሚያገኙት ልጆች ናቸው። ከትምህርት ቤት ወጥተው ወደቡ ላይ ቢላዋ ይዘው ይቆማሉ።

ስለዚህ ሁለተኛዋ ገጸ ባሕርይ ሲግኒ ናት፤ የ12 ዓመት ምላስ ቆራጭ። ከአያቷ ጋር ትኖራለች። አያቷ የኔ ሂሚር ናቸው። አንድ ቀን ጎልማሳ ልጅ ይመጣና ጀልባው ላይ ውሰዱኝ ይላል። ማጥመጃ የለውም። ማታ ከጎረቤት በረት አንድ በሬ ይጠፋል።

ሕጌን ጠብቄያለሁ፤ ገመዱን የሚቆርጡት አያቷ ናቸው። ቢላዋው ግን የሲግኒ ነው። ምላስ የምትቆርጥበትን ከእጇ ይነጥቁና ገመዱን ይቆርጡታል። ስኖሪ ሂሚርን ፈሪ አድርጎ ነው የሳለው። እኔ ግን ያን ምዕራፍ ስጽፍ ከመርከበኞቹ ሁሉ ዓይን ያለው እሳቸው ብቻ ሆነው አገኘኋቸው። ወደ ታች ሲያዩ የእባቡን ፊት በአፉ ውስጥ ካለው ጭራ ጋር ያዩታል። የያዘውን እንዳልለቀቀ፣ መንጠቆ ላንቃው ውስጥ ሆኖ እንኳን እንዳልለቀቀ ያያሉ። ይህን አይተው ነው የሚቆርጡት። መፍራታቸውን አልደበቅኩም። ፍርሃትና ርኅራኄ አንድ እጅ ላይ አብረው መገኘት ይችላሉ።

በሬውን እንዴት ዋጠው፣ አፉ ጭራ ይዞ? ይህን ለመፍታት ወደ እጅ ሥራ መመለስ ነበረብኝ።

ታኅሣሥ

የእባቡን ራስ በካርቶን ሠራሁት። የእባብ የታችኛው መንጋጋ ግራና ቀኝ ከፊት በአጥንት አይገናኝም። በሚለጠጥ ጅማት ነው የተያያዘው። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች ተራ በተራ ይንቀሳቀሳሉ። ግራው ወደፊት ይሄዳል፣ ይይዛል፤ ቀኙ ይከተላል። እባብ የሚውጠው በመንጋጋው እየተራመደ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለት የካርቶን መንጋጋ ቆረጥኩ። ፊታቸውን በላስቲክ አያያዝኩ። ጥርሱን በስፒል ሠራሁት፤ ወደ ኋላ አጥፌ በሙጫ አጣበቅኩት። የእባብ ጥርስ ወደ ጉሮሮ የታጠፈ ነውና። ከዚያ ወፈር ያለ የጥጥ ገመድ አስገባሁበትና ግራ ቀኝ አንቀሳቀስኩት።

የበሬው ጥያቄ ቶሎ ተፈታ። በሬው በጎን በኩል ነው የሚገባው፤ አንዱ ወገን ጭራውን ይዞ ሌላው ይከፈታል። የበሬ ራስ ለ2 ኪሎ ሜትር ፍጥረት ምንም አይደለም። የተያዘው በበሬው ጣዕም ሳይሆን በመንጠቆው ስለሆነ መንጠቆው የአማልክት ነው ብዬ አለፍኩት።

ገመዱን ላወጣው ስሞክር ግን ትልቁ ነገር ተገኘ። አይወጣም! ወደ ኋላ በሳብኩት ቁጥር ስፒሎቹ ይበልጥ ይይዙታል። የሚላቀቀው መጀመሪያ ወደ ውስጥ ሲገፋ ነው። ገመዱን ትንሽ ወደ ጉሮሮው ስገፋው ስፒሎቹ ተላቀቁ፤ ከዚያ መንጋጋውን ከፍቼ አወጣሁት። እባብ የሚይዙ ሰዎችም ሲነከሱ እጃቸውን ወደ ኋላ አይጎትቱም።

ይህ የራግናሮክን ምዕራፍ ሰጠኝ። እባቡ በመጨረሻ እውነቱን ያውቃል፤ ቶር መንጠቆውን የሰካበት ሕመምና የጭራው ሕመም አንድ ዓይነት መሆናቸውን ይገነዘባል። ለብዙ ዘመን የያዘው ራሱን ነው። ሊለቅ ይፈልጋል። ለመልቀቅ ግን መጀመሪያ ይበልጥ መንከስ አለበት። ቀለበቱ ይጠብቃል። ዓለም ሁሉ ትጠብቃለች። ባሕሩ ከየወደቡ ይሸሻል፣ ከዚያ ሲለቅ ተመልሶ መሬቱን ያጥለቀልቃል። በጥንቱ ጽሑፍ እባቡ ወደ የብስ ስለሚዞር ባሕሩ ምድር ላይ ይወጣል። የሆነው ያው ነው። ምክንያቱ አሁን የእኔ ነው፣ ያገኘሁትም በካርቶንና በስፒል ነው።

ጥር

የመጀመሪያው ረቂቅ ሲገባደድ ለአንድ ጋሽ ሰጠሁት። ድሮ አማርኛ ያስተምሩ ነበር፤ አሁን እዚህ ጡረታ ላይ ናቸው። በእርሳስ አንብበው መለሱልኝ።

«ጋሼ፣ እንዴት አዩት?» አልኳቸው።

«እስቲ ተቀመጥ» አሉኝ። «የእባቡን ንግግር ወድጄዋለሁ። የልጅቷ ገጾች ላይ ግን ስንት ጊዜ ግዙፍ አልከኝ? ግዙፍ፣ አስፈሪ፣ እጅግ ትልቅ። እኔ ግን አንዴም አላየሁትም።»

ቤት ገብቼ እነዚህን ቃላት በሙሉ ሰረዝኳቸው። እባቡ ስለ ራሱ ትልቅነት አያውቅም፤ ሲግኒም ልታውቅ የምትችለው በሚወስደው ጊዜ ብቻ ነው። ጀርባው ከባሕር የወጣበትን ቦታ እንደገና ጻፍኩት፦

«ባሕሩ ወደ ግራ አዘነበለ። ሲግኒ ደሴት ያየች መሰላት። ደሴቱ ግን ወደ ደቡብ እየሄደ ነበር። አያቷ ሞተሩን አጠፉ። ምሳቸውን በሉ። ቡና ጠጡ። ሲመሽ ፋኖስ አበሩ። ገና እያለፈ ነበር።»

ጋሼ ይህን ሲያነቡ «እህ» ብለው ገጹን ገለጡ። ከሳቸው ይህ ብዙ ነው።

የትልቅ ነገር ትረካ ምስጢሩ እዚህ ይመስለኛል። ቁጥሮቹን ሁሉ አስልቼ ይዣለሁ፤ ልብ ወለዱ ውስጥ ግን አንዱም አይገባም። 40,000 ኪሎ ሜትር ለማንም ምንም አይልም። ምሳና እራት በልተህ ገና ሲያልፍ ካየኸው ግን መጠኑ ይሰማሃል።

የካቲት

ዘጠኙ እርምጃዎች። ይህን ቦታ ስፈራው ቆይቻለሁ።

በጥንቱ ጽሑፍ አንድ መስመር ነው። ቶር እባቡን ገደለ፣ ዘጠኝ እርምጃ ሄደ፣ ወደቀ። እኔ ለእያንዳንዱ እርምጃ አንድ አንቀጽ ሰጠሁት። በመጀመሪያው ያሸነፈ ነው። በሦስተኛው ድመቷን ያስታውሳል፣ ያቺን ከመሬት የተላቀቀች አንድ እግር። በአምስተኛው መዶሻውን የሚወርሱ ሁለት ልጆቹ ሞዲና ማግኒ ይታዩታል። በሰባተኛው በዚያ ቀን ጀልባ ላይ ያየውን ዓይን ያስታውሳል፤ የማይከደነውን። ስምንተኛና ዘጠነኛው ላይ ቃል ቀነስኩ።

ከዚያ የሚከተለው ነገር መጣልኝ። እባቡ ጭንቅላቱ ላይ ተመትቶ ሞቷል። የሞቱ ወሬ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ለጭራው የሚደርሰው ከ111 ሰዓት በኋላ ነው። ቶር ከወደቀ በኋላ ጭራው አራት ቀን ከምናምን ይኖራል። የተለቀቀ፣ ማንም ያልያዘው ጭራ።

ሲግኒና አያቷ ጀልባ ላይ ሆነው በሕይወት ተርፈዋል። ሰዓት የላቸውም። ጊዜ የሚቆጥሩት በባሕር ሙላት ነው። በአንድ ሙላትና በሚቀጥለው መካከል 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ አለ። 111ን በዚህ አካፈልኩት። ዘጠኝ ያህል ወጣ።

ደጋግሜ አሰላሁት። ዘጠኝ ነው። የቶር ዘጠኝ እርምጃ፣ የጭራው ዘጠኝ ሙላት። በሰሜኑ አፈ ታሪክ ዘጠኝ የከበረ ቁጥር ነው፤ ዓለማቱ ዘጠኝ ናቸው፣ ኦዲንም በዛፉ ላይ የተሰቀለው ዘጠኝ ሌሊት ነው። የምድርን ዙሪያ፣ የነርቭን ፍጥነትና የጨረቃን ጉተታ ይዤ ተነሥቼ እዚያው ቁጥር ላይ መድረሴ በጣም አስደስቶኛል። ፈልጌ አላመጣሁትም። ስለዚህ የመጨረሻው ምዕራፍ ዘጠኝ ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ አንድ ሙላት።

መጋቢት

አሁን ያለሁበት ይህ ነው። ሁለተኛው ረቂቅ ተጠናቋል፣ ከድመቷ ምዕራፍ በቀር። እሱን ሆን ብዬ ለመጨረሻ አስቀርቼዋለሁ። ከእባቡ ወገን ሲታይ ምን ይመስላል? በአስማት የድመት መልክ ለብሶ አዳራሽ ውስጥ ቆሟል። ከተወረወረ ወዲህ ሰው ቤት ገብቶ አያውቅም። እሳት አለ፣ ሳቅ አለ፣ ብዙ ድምፅ አለ። ከዚያ አንድ ሰው ሆዱ ሥር እጁን አስገብቶ ያነሣዋል። ለቶር ትግል ነው። እባቡ ግን ይህን እንደ እቅፍ ሊወስደው ይችላል። ከሆነ፣ ባሕር ላይ ሲተያዩ ያንን ፊት ያውቀዋል። ይህ የጀልባውን ምዕራፍ በሙሉ ይነካዋል፤ መንጠቆው ከአፉ ሳይወጣ ለምን ቶርን ትኩር ብሎ እንዳየ አዲስ ምክንያት ይሰጠኛል።

ጋሼ ምዕራፉ ከመጽሐፉ ፊት ይግባ ይላሉ። እኔ ከጀልባው በኋላ፣ እንደ ትዝታ እንዲመጣ እፈልጋለሁ፤ ከሕመሙ ጋር አብሮ ዘግይቶ። ሁለቱንም ጽፌ ለሳቸው አነባለሁ። ለሽፋኑ የአልቱናን እግር በሊኖሊየም (ለኅትመት በሚቀረጽ የወለል ንጣፍ) ላይ መቅረጽ ጀምሬያለሁ፤ የጀልባዋ ወለል ተቆርጧል፣ እግሩ ይቀራል።